ከሱባ ደን ይዘነው የተመለስነው



በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞው ረጅም አልነበረም፤ ጠዋት ወጥተን ለመግሪብ ቤታችን ገብተናል። ሆኖም ካየነው ይልቅ ያላሰብነው ነገር በልጦብን ተመልሰናልና ለወላጆችም ለወጣቶችም ሳናካፍል ማለፍ አልፈለግንም።

የጉዞው መነሻ በክፍል ውስጥ የቀረበች አንዲት ጥያቄ ነበረች። ለተማሪዎቻችን «አበባ ሳያብቡ ዘር ከሚሰጡ ዛፎች መካከል አንዱን ጥቀሱ» አልናቸው። ብዙዎቹ እጃቸውን አወጡ፤ የሁሉም መልስ «ፓይን» የሚል ነበር። «የት አያችሁት?» ብለን ብንጠይቅ «መጽሐፉ ላይ» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ አለ። ነገር ግን በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ የቆመው ዛፍ ጽድ ነው፤ ጽድም ከዚያው ወገን ነው። ልጆቹ በየቀኑ ጥላው ሥር ቆመው ታክሲ ይጠብቃሉ። ስሙን የሚያውቅ ግን ከመላው ክፍል አንድ ልጅ ብቻ ተገኘ። ይህን ልጅ ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? በልጆቹ ላይ አንፈርድም። እኛም ብንሆን ግማሹን ቀን በመድረሳ፣ ግማሹን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረን ያደግን ነን። መድረሳ ዛፍ መትከል ሰደቃ መሆኑን ነገረን፤ ሳይንሱ ቅጠል እንዴት ምግቡን እንደሚሠራ አስተማረን። ከሁለቱ ወገን ግን እጃችንን ይዞ ዛፍ ሥር ያቆመን መምህር አላጋጠመንም። እኛም ያላገኘነውን ሳንሰጥ ስንት ዓመት አስተማርን! ስለዚህ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ሠላሳ አምስት ተማሪዎችንና አራት ወላጆችን ይዘን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ተጓዝን።

ደኑና ታሪኩ

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት በወጨጫ ተራራ ቁልቁለት ላይ የሚገኝ የመንግሥት ደን ነው። የሚተዳደረውም በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ሥር ነው። ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ፣ ዛሬ ግን የቀዘቀዘ ተራራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። እሳት የተፋው አፈር ዛሬ ጽድና ዝግባ ይመግባል።

ስለ ደኑ አመጣጥ ሲነገር የኖረው ታሪክ ወደ ዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ይወስደናል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የተራራው ልብስ መገፈፉን አይተው፣ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስዘሩ ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ የዛሬ አምስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ጽድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዘሩን የዘራው ገበሬ ዛፉ ጎልምሶ ሳያይ እንደሚሞት እያወቀ ዘርቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ይቀርባል። ከተማችን በ1886 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለቤት መሥሪያና ለማገዶ በፍጥነት ተመናመነ። ችግሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው፣ በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አንዲት መዲና እንጨት አጥታ ልትሰደድ ተነሥታ ነበር ማለት ነው! ያዳናት በ1890ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ባለችበት ቀረች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህንን በአውቶቡሱ ውስጥ ስንነግራቸው አንዷ ተማሪያችን «ታዲያ የሱባ ጽድ ያን ጊዜ እንዴት ተረፈ?» አለችን። ጥሩ ጥያቄ ነው። የንጉሥ ደን ተብሎ በጠባቂ በመያዙ ነው ብለን መለስን። ጠባቂ ባይኖረው ኖሮ የአምስት መቶ ዓመቱ ልፋት ለአንድ ክረምት ማገዶ በሆነ ነበር።

ቅጠል እየዳሰስን

ከአውቶቡሱ ወርደን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ወጣን። መሪያችን በደኑ ውስጥ ብዙ ዘመን የሠሩ፣ ልጆቹ «ጋሼ» እያሉ የተከተሏቸው ጎልማሳ ነበሩ። እኛ ከመጽሐፍ የምናውቀውን እርሳቸው በእጃቸው ያውቁታል።

መጀመሪያ ያስቆሙን ጽዱ ዘንድ ነው። ግንዱን ለማቀፍ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ቀና ብለን ስናይ ሰማያዊ ትንንሽ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል። ፍሬ ብለን ብንጠራቸውም በሳይንሱ ዓይን ቅርፊታቸው ሥጋ የለበሰ ኮኖች ናቸው፤ የመጽሐፉ ፓይን የተሸከመው ጠንካራ ኮን ወንድሞች ናቸው። ወፎች ይበሏቸዋል፤ ዘሩንም ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ቀጥሎ ያለው ጽድ ግን አንዳችም ፍሬ የለውም። ልጆቹ «ታሞ ነው?» አሉ። አልታመመም፤ ወንዴ ነው። ጽድ ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴው ለብቻ የሚቆም ዛፍ ነው። ዝግባም ኮሶም እንዲሁ ናቸው። ከፍ ብሎ የሚገኘው ኮሶ ሲያብብ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴዋ አበባ ነው፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል መድኃኒት ያደረጉትም ያንኑ ነው።

ወይራውን ሲያሳዩን ከእኛ ጋር የመጡት እናቶች መምህራን ሆኑ። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ሲታጠን ወተቱ እንዴት እንደሚጣፍጥና ቶሎ እንደማይበላሽ፣ የወይራ መፋቂያም ከሌላው እንዴት እንደሚመረጥ ለልጆቹ አወጉ። ቤት ውስጥ የሚያውቁት እውቀት ትምህርት መሆኑን እነርሱም እኛም ያን ቀን አወቅን።

ከጽዱ ቅርንጫፍ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ይህ በእንጉዳይና በዋቅላሚ ኅብረት የሚኖር ሕይወት ነው፤ ዛፉን አይበላውም፤ ተንጠልጥሎ ጉሙን ብቻ ይጠጣል። አየር በጭስ ሲበከል ቶሎ የሚሞት በመሆኑ፣ እዚህ ረዝሞ መታየቱ የአየሩን ንጽሕና ይመሰክራል።

ከዚያ ድንገት ከላያችን ቅርንጫፍ ተንቋቋ። ጉሬዛዎች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ዛፍ ተወረወሩ። አንዷ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋለች፤ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩን ኋላ ይለብሳል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ አራቱን ጣቶቹን እንደ ሜንጦ አድርጎ ቅርንጫፍ ይይዛል። የዓለም ሳይንቲስቶች ለዚህ እንስሳ በሰጡት ስም ውስጥ «ጉሬዛ» የሚለው የአገራችን ቃል እንዳለ ስንነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ጉሬዛዎቹም ደንግጠው ሄዱ። ጋሼ ሳቅ እያሉ «ደን ውስጥ በዓይን ነው የሚጨበጨበው» አሏቸው።

የዱላዋ ጥላ

እኩለ ቀን ሲቃረብ ገላጣ ሜዳ ላይ አረፍን። «ቂብላው በየት በኩል ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብዙዎቹ ስልካቸውን አወጡ። እኛ ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ አምጡ አልናቸው። ዱላዋን መሬት ላይ ቀጥ አድርገን ተከልንና የጥላዋን ጫፍ በየጥቂት ደቂቃው በጠጠር ምልክት አደረግንበት። ጥላዋ እያጠረች መጣች፤ ከስድስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የዱላዋን ግማሽ ያህል ሆና ቆመች፤ ከዚያ ደግሞ መርዘም ጀመረች።

እነሆ በአንዲት ዱላ ሁለት ነገር አገኘን። ጥላዋ አጥራ መርዘም ስትጀምር የዙህር ወቅት ገባ። አጥራ የነበረችበት መስመር ደግሞ ሰሜንን አመለከተን፤ መካ ከአዲስ አበባ ሲታይ በስተሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነውና ሰልፋችንን በዚያው አስተካከልን። ኋላ ስልኩን ብናየው ተስማማልን። እዚህ ላይ ወላጆችን የምናሳስበው አለ፤ ይህ ዘዴ በእኛ አገር የሚሠራው ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። በክረምት መግቢያ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ሁለቱ እናቶች

እስከዚህ ድረስ ጉዞው ያቀድነው ሁሉ የተሳካበት ነበር። ስንመለስ ግን ያላቀድነው ትምህርት መንገድ ላይ ጠበቀን።

ሁለት እናቶች የደረቀ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ከፊታችን መጡ። ሸክሙ ከወገባቸው አጉብጧቸው ፊታቸው ወደ መሬት ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሊያሳልፉን ዳር ይዘው ቆሙ። በዚህ ጊዜ ከጎበዝ ተማሪዎቻችን አንዷ፣ ያን ቀን ከሁሉ የበለጠ ማስታወሻ የጻፈችው ልጅ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ደን ጨፍጫፊዎች! አምስት መቶ ዓመት የኖረውን የሚጨርሱት እነዚህ ናቸው» አለች። ጓደኞቿም አጉረመረሙ።

ሴቲቱ አማርኛው በደንብ ባይገባቸውም ቁጣው ገብቷቸዋል። በኦሮምኛ ቀስ ብለው መለሱ። ማንም አልተረጎመውም። ያ ቀደም ብለን ልብ በሉልን ያልናችሁ ልጅ፣ የጽድን ስም ያወቀው ማለታችን ነው፣ ወደ ፊት ወጣና «‹ልጆቼ፣ ይህ የወደቀ ነው፤ የቆመ ዛፍ አልነካንም› ነው ያሉት» አለ። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ኡስታዝ፣ እኔን እናቴ ያሳደገችኝ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ነው» አለ።

ጸጥ አልን። ሠላሳ አምስት ተማሪዎች የዛፉን ወንዴና ሴቴ ለይተው አውቀዋል። የሰውን ድካም ግን ለይተው ማየት አላስተማርናቸውም ነበር። ይህ የእነርሱ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ጉድለት ነው።

ልጅቷን አልገሠጽናትም። እርሷው ራሷ ሄዳ የሴቲቱን እጅ ሳመች። ሴቲቱ ሸክማቸውን አውርደው ሊያርፉ ተቀምጠው ነበርና፣ ሊነሡ ሲሉ ልጅቷ ልታሸክማቸው ሞከረች። አልቻለችም። ሦስት ሆነው ነው ያነሡት። ከዚያ በኋላ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ጋሼን «ለመሆኑ ጉዳት የለውም?» ብለን ጠየቅናቸው። በሚዛን መለሱልን። የወደቀ እንጨትም ለደኑ ያስፈልገዋል፤ በስብሶ አፈር ይሆናል፣ ለነፍሳትና ለእንጉዳይ ቤት ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ጭራሮ ቢለቅም ደኑ ይራባል። «ግን ደኑን የሚገድለው መጥረቢያ ነው» አሉን። «መጥረቢያውን ደግሞ የሚጠራው ገዢ ነው። ገዢው እዚህ የለም፤ ከተማ ነው ያለው።»

የዑመር ሒማ

በመመለሻችን ላይ ልጆቹን አንድ የቆየ ታሪክ አስታወስናቸው። የተከለለ መሬት ዛሬ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ሒማ አድርገው፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም እንዲጠበቅ አድርገው፣ ከልለዋል። ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ. ኸሊፋ የነበሩት ዑመር ቢን አል-ኸጧብም (ረ.ዐ.) ሌሎች ሒማዎችን ከልለው ሁነይ የሚባለውን ሰው ጠባቂ አድርገው ሾሙት።

ለጠባቂው የሰጡት መመሪያ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። በሰዎች ላይ እንዳይከብድባቸው፣ የተበደለን ሰው እሮሮ እንዲፈራ መከሩት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍንና የዑስማን ቢን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ሁለቱ ታላላቅ ሰሓቦች ናቸው፤ ጥፋት አልነበረባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የባለጠጋው ከብት ቢያልቅ ወደ እርሻውና ወደ ተምሩ ይመለሳል፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሒማው ይጠበቃል፤ አጥሩ ይከበራል፤ ጠባቂ ይቆምለታል። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ማን ደጁ ላይ እንደቆመ አይቶ ይለያል። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ጥበቃ አይዘልቅም። ድሃውን አባሮ የሚጠበቅ ደን ጠላቱን ያበዛል፤ ለሁሉም ክፍት የሆነ ደን ደግሞ አንድ ትውልድ አይቆይም።

እኛስ?

ሰኞ ዕለት ክፍል ስንገባ ልጅቷ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ የትምህርት ቤታችን ሻይ በምንድን ነው የሚፈላው?» አለች። በእንጨት ነው። በየቀኑ ጠዋት በኋላ በር የሚገባውን እንጨት እኛም ስንጠጣ ኖረናል፤ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም። ገዢው ከተማ ነው ያለው ያሉን ጋሼ ስለ እኛ ኖሯል የተናገሩት!

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት በየቤታቸው የሚነደውን ነገር መዘገቡ፤ እንጨት፣ ከሰል፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ እያሉ። ለብዙዎቹ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋገርም መብራት ሲጠፋ ከሰል ይገዛል፤ ለሠርግና ለዒድ ድግስ ደግሞ እንጨት ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴም የሻይ ቤቱን ምድጃ ለመለወጥ ተስማምቷል፤ ገና አልተፈጸመም፤ እኛም እየጎተጎትን ነን። የጽድ ስም ያወቀው ልጅ ደግሞ በክፍሉ የዛፍ ስሞች መምህር ሆኗል። በአማርኛም በኦሮምኛም ያስጠናቸዋል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መናገሻ ሱባ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ሩቅ ያላችሁም በየአካባቢያችሁ ደን አይጠፋም። የሚረግጥ ጫማ፣ ውኃ፣ የብርድ ልብስና ስንቅ ያዙ፤ ተራራው በኅዳርና በታኅሣሥ ይበርዳል። እሳት አታንድዱ፤ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቻችሁን የአምስት ዛፍ ስም አስጠኗቸው፤ አያቶች ካሉም ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ብታገኙ ደግሞ ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ መንገዱን ልቀቁለት።

እናንተ ወጣቶችም! ዘሩን የዘራው ገበሬ ስሙ አልተጻፈም። የወደቀውን ብቻ ለቅመው የቆመውን ያለፉት የእነዚያ እናቶች ስምም አይጻፍም። ደኑ ግን የሁለቱም ሥራ ነው። እኛ ከሱባ ይዘነው የተመለስነው ይህንን ነው።

የከርሞ ሰው ይበለን፤ አላህ የምንተክለውን የሚያድግ፣ የምናስተምረውን የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።